«ከእነሱ ጋር አትቀራረብ»፦ ላቲኖዎች ወደ አሜሪካ ደቡብ ሲመጡ

(አትላንታ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወገኖች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ቅዳሜ ማታ ነው። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። አክብራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

በራሴ ልጀምር። እዚህ ከተማ ስገባ መጀመሪያ የተቀጠርኩት መጋዘን ውስጥ ነበር። የሌሊት ሺፍት። ካርቶን ማውረድ፣ ካርቶን መጫን። ሥራ ልጀምር አንድ ቀን ሲቀረኝ የአጎቴ ልጅ ቁጭ አድርጎ መከረኝ። ሰዓት አክብር አለኝ። ወገብህን ጠብቅ አለኝ። ሦስተኛው ምክር ደግሞ «ከጥቁሮቹ ጋር ብዙ አትቀራረብ፤ ሥራ አይወዱም፣ ችግር ውስጥ ይከቱሃል» የሚል ነበር። የአጎቴ ልጅ ክፉ ሰው አይደለም። ቤቱን ከፍቶ ያስጠጋኝ፣ የመጀመሪያውን የሥራ ጫማ የገዛልኝ እሱ ነው። እሱም ሲመጣ የነገሩትን ነው የነገረኝ።

አብሮኝ የሚጭን አንድ የሜክሲኮ ልጅ ነበር። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ገና ነበር፤ ግን በእጅም በዓይንም ተግባብተን እንሠራ ነበር። አንድ ሌሊት እረፍት ላይ ተቀምጠን እሱም ሲመጣ አጎቱ የመከረውን ነገረኝ። «ከጥቁሮቹ ራቅ፣ ሰነፎች ናቸው» ነው ያለው። ይህን ሲነግረኝ ፊቴን እያየ ነው። እኔ ጥቁር ነኝ። እሱ ግን እኔን ከዚያ ውስጥ አልቆጠረኝም። እኔም ያን ሌሊት «ለእኔም እንዲሁ ብለውኛል» ብዬ አብሬው ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አስቡት እንግዲህ። አንዱ ከኢትዮጵያ፣ አንዱ ከሜክሲኮ። ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት ቤተሰቦች። ምክሩ ግን ቃል በቃል አንድ ነው። ይህ ምክር ከየት መጣ? ማን አዘጋጅቶ አስቀመጠልን? የዛሬው ንግግሬ ላቲኖዎች፣ ማለትም ከሜክሲኮና ከሌላው የላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች፣ ወደ አሜሪካ ደቡብ የመጡበትን ታሪክ እያየ ይህን ለመመለስ ነው።

ደቡብ ስል ጆርጂያን፣ አላባማን፣ ሚሲሲፒን፣ ሁለቱን ካሮላይናዎች፣ ቴነሲን፣ አርካንሶን የመሳሰሉትን ማለቴ ነው። ባርነት ሥር የሰደደበት ምድር ነው። ባርነቱ በ1865 ሲቀር በእሱ ፋንታ የመለያየት ሕግ መጣ። እሱም እስከ 1960ዎቹ ቆየ። የአገሩ መዝገብ ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ ነጭና ጥቁር። የውሃ መጠጫው ሁለት፣ የትምህርት ቤቱ በር ሁለት፣ መቃብሩ ሳይቀር ሁለት።

ታዲያ ሦስተኛ ሰው ሲመጣ የት ይጻፋል? ጎንግ ለም የሚባል ቻይናዊ ባለ ሱቅ ሚሲሲፒ ውስጥ ሮዝዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖር ነበር። በ1924 ልጁ ማርታ ከነጮቹ ትምህርት ቤት «ነጭ አይደለሽም» ተብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አባቷ ከሰሰ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1927 ተፈረደበት። ዳኞቹ አንድ እንኳ ሳይቃወም፣ ስቴቱ ልጅቱን ከ«ባለ ቀለም» ልጆች ጋር ማስቀመጥ ይችላል አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። የአባትየው ክስ «ልጆችን በዘር መለያየት ስህተት ነው» አላለም። «የእኔ ልጅ ጥቁር አይደለችም» ነው ያለው። አልፈርድበትም። ለልጁ የተሻለውን ወንበር ፈለገ፤ የትኛው ወንበር የተሻለ እንደሆነ ደግሞ አገሩ በግልጽ አሳይቶታል። ግን ለደቡቡ እንግዳ ሁሉ የቀረበለት ምርጫ ይኸው ነው። «ከእነሱ አይደለሁም በል፤ ምናልባት እናስገባህ ይሆናል።» ጎንግ ለም እንደተባለው ብሏል፤ አልገባም።

በሌላ መንገድ የሄዱም ነበሩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሜክሲኮ ቤተሰቦች ልጆቻችን ለብቻ ትምህርት ቤት አይለዩብን ብለው ከሰሱ። ሜንዴዝ የሚባል ቤተሰብ ከፊት ነበረ። በ1947 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። በዚያ ክስ ድጋፉን በጽሑፍ ካቀረቡት አንዱ የጥቁሮች መብት ጠበቃው ቱርጉድ ማርሻል ነው። ከ7 ዓመት በኋላ በ1954 ያው ማርሻል የደቡቡን የትምህርት ቤት መለያየት በጠቅላይ ፍርድ ቤት አሸነፈ።

አሁን ወደ ራሳችን መምጫ ልለፍ። በ1924 በወጣው ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነበር። መቶ ሰው! ይህን ያፈረሰው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። 1965 ምን ዓይነት ዓመት ነበር? በመጋቢት ወር ሴልማ፣ አላባማ ድልድይ ላይ ጥቁሮች ድምፅ የመስጠት መብት ስለጠየቁ በፖሊስ ዱላ ተቀጠቀጡ። በነሐሴ ፕሬዝዳንት ጆንሰን የምርጫ መብት ሕጉን ፈረሙ። በጥቅምት ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕጉን ፈረሙ። በዘር መለየት ያሳፍራል የሚለው ስሜት በዚያ ዱላ ባይወለድ ኖሮ ኮታው በዚያ ዓመት ባልፈረሰ ነበር ብዬ አምናለሁ። ዲቪ ደርሶን፣ በስደተኝነት ተመዝግበን፣ በቤተሰብ ተጠርተን የመጣንበት በር የተከፈተው በእነዚያ «አትቅረቧቸው» በተባልናቸው ሰዎች ደም ነው።

ያው ሕግ ግን ለሜክሲኮና ለመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ከአሜሪካ አህጉር ለሚመጡ የቁጥር ገደብ አልነበረም። የ1965ቱ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓመት 120 ሺህ የሚል ጣሪያ አበጀ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሜክሲኮ የእርሻ ሠራተኞች በኮንትራት የሚገቡበት ፕሮግራምም ተዘግቶ ነበር። ሥራው አልቀረም፤ ሰዎቹም መምጣታቸውን አልተዉም። የቀረው ወረቀቱ፣ የመግቢያና የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። እና «እኛ በሕግ መጣን፣ እነሱ በድንበር ሾልከው ገቡ» ስንል ይህንን እናስታውስ።

ብዙ ጊዜ መድረሻቸው ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ነበር። በ1986 ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ምሕረት አግኝቶ ወረቀት ያዘ። ወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ እንደ ልቡ ይንቀሳቀሳል፤ ሥራ አለ ወደተባለበት ይሄዳል። ሥራ ያለው ደቡብ ነበር። በ1990 ጆርጂያ ውስጥ የነበሩት ላቲኖዎች 109 ሺህ ገደማ ናቸው። በ2000 ከ435 ሺህ አለፉ። በ2020 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። ኖርዝ ካሮላይና በ1990 77 ሺህ ገደማ ነበሩባት፤ በ10 ዓመት ውስጥ 379 ሺህ ገደማ ደረሱ። ትናንት ነጭና ጥቁር ብቻ የነበረባት ትንሽ ከተማ በአንድ ትውልድ እንኳ ሳይሆን በአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ዕድሜ ተቀየረች።

ምን ስቦ አመጣቸው? አትላንታ ለ1996ቱ ኦሎምፒክ ስታዲየም ትሠራ ነበር። ዳልተን የምትባለው ከተማችን የምንጣፍ ፋብሪካዎቿ ሰው ይፈልጉ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ዶሮ ነው።

የዶሮ ማረጃ ውስጥ የሠራችሁ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። መስመሩ አይቆምም። ያው አንድ ቆረጣ፣ በቀን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ። ማታ እጅ ያብጣል፣ ጠዋት ጣት አልታጠፍ ይላል። በመስከረም 1991 ኖርዝ ካሮላይና፣ ሃምሌት ውስጥ አንድ የዶሮ ፋብሪካ ተቃጠለ። 25 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በሮቹ ከውጭ ተቆልፈው ነበር፤ ሠራተኛው ዶሮ ይሰርቃል ተብሎ። ሟቾቹ ጥቁሮችም ነጮችም ነበሩ። ላቲኖዎቹ የገቡበት ሥራ እንግዲህ ይህ ነው።

ሚሲሲፒ ውስጥ እነዚህ ፋብሪካዎች ለረጅም ጊዜ ጥቁር አይቀጥሩም ነበር። ጥቁር ሴቶች በብዛት የገቡት የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። ለዚያች ወንበር ታግለው ነው የገቡት። ገብተውም ዝም አላሉም፤ በ1970ዎቹ የሠራተኛ ማህበር ለማቋቋም ሞከሩ፣ ሥራ አቆሙ። በ1990ዎቹ ደግሞ ሞርተን በምትባል ከተማ ያለ አንድ የዶሮ ኩባንያ ከቴክሳስና ከማያሚ ላቲኖዎችን እየመለመለ ማምጣት ጀመረ። ደላላ ተከፈለ፣ ማደሪያ ተዘጋጀ። አለቆች ደስ አላቸው። «እነዚህ ይሠራሉ» የሚለው ወሬ ያኔ ነው የተነሳው። «እነዚህ ይሠራሉ» ሲባል «እነዚያ አይሠሩም» ማለት ነው።

ያ ምክር የተጻፈው እዚያ ነው። 20 ዓመት አንድ መስመር ላይ ቆማ እጇ የተበላሸባት ሴት «ደሞዝ ጨምሩ» ስትል ሰነፍ ተባለች። ከመጣ ሦስት ወር የሆነው፣ ወረቀት የሌለው፣ ቢናገር የሚባረር ልጅ ዝም ብሎ ሲቆርጥ ጎበዝ ተባለ። ልጁ ምስጋናውን ወደ ቤት ይዞ ሄደ። ለወንድሙ ነገረው። ወንድሙ ለአጎቱ ልጅ።

አለቃውን ብቻ ልወቅስ አልፈልግም። አንዳንዱን ነገር ሰው ከአገሩ ይዞት ይመጣል። ላቲን አሜሪካም ባርነት ነበረ፤ እዚያም ጠየም ያለ ከቀላ ያንሳል የሚል አስተሳሰብ አለ። እኛም ከአገር ቤት በሻንጣ ይዘነው የመጣን ቃል አለን። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ፊት ሳናስብበት የምንጠራው ቃል ነው።

ዱርሃም፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን አጠኑ። መሪዋ ፓውላ ማክሌን ናቸው። ውጤቱ በ2006 ወጣ። ከጠየቋቸው ላቲኖ ስደተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «ከጥቁሮች ውስጥ ታታሪ የሚባሉት ጥቂት ናቸው ወይም የሉም» አሉ። በብዛት «ይበልጥ የምንመሳሰለው ከነጮች ጋር ነው» ብለዋል። ነጮቹ ግን ያንን ቅርበት መልሰው አልሰጧቸውም። ይህን ሳነብ ጎንግ ለም ታወሰኝ።

ያችው ዱርሃም ሌላም ታሪክ አላት። በ1990ዎቹ ላቲኖ ሠራተኞች ባንክ አካውንት ስለማይኖራቸው ደሞዛቸውን በጥሬው ኪሳቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ሌቦች ይህን ደረሱበት። ድብደባና ዝርፊያ በዛ። ሰፈሩ ድሃ ሰፈር ስለሆነ ከዘራፊዎቹ ብዙዎቹ ጥቁር ወጣቶች ነበሩ፤ ጥላቻው ተባባሰ። መፍትሔው የመጣው ግን ከፖሊስ አይደለም። በ2000 የላቲኖዎች የቁጠባና ብድር ማህበር ተቋቋመ። ሰው ገንዘቡን አስቀመጠ። ኪስ ውስጥ የሚዘረፍ ነገር ቀነሰ። እቁብ ለምናውቅ ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔን የሚነካኝ «እነዚያ ሌቦች ናቸው» ተብሎ ሊዘጋ የሚችል ጉዳይ «ገንዘባችን የት ይቀመጥ?» ተብሎ መነሳቱ ነው።

የጥቁሮቹንም ቅሬታ በቅጡ እንስማው። «እንጀራችንን ነጠቁን» የሚሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። በ2005 ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ስትመታ ከተማዋ ውስጥ የነበሩት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። በአውቶቡስ ተጭነው ሂውስተን ሄዱ፣ እዚህ አትላንታም መጡ። ቤታቸው ፈርሶ ሥራው ግን እዚያ ተጀመረ። የፌዴራሉ መንግሥት በመንግሥት ግንባታ ላይ ዝቅተኛውን ክፍያ የሚወስነውን ሕግ ለሁለት ወር አነሳው። ወረቀት ያልጠየቀ ቀጣሪም ለተወሰነ ጊዜ አይቀጣም ተባለ። ላቲኖዎቹ ከየቦታው መጡ፤ ሻጋታውን ጠረጉ፣ ጣሪያውን ሠሩ። ብዙዎቹ ደሞዛቸውን ተካዱ። ከንቲባው ሬይ ኔጊን ደግሞ ነጋዴዎች ፊት ቆመው ከተማዋ በሜክሲኮ ሠራተኞች እንዳትጥለቀለቅ ምን ላድርግ ብለው ጠየቁ። ጥቁሩ የገዛ ቤቱን ለመሥራት አልተጠራም። ላቲኖው ሠርቶ አልተከፈለውም። ሁለቱ ግን እርስ በርስ እንዲተያዩ ተደረጉ። ክፍያውን ያወረደው ሰው ስም ማንም ሲጠራ አልሰማሁም።

ዳልተንን ጠቅሼ ማለፍ የለብኝም። ዛሬ ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ ላቲኖ ነው። በ1990ዎቹ መምህራኑ ከተማሪዎቻቸው ጋር መነጋገር አቃታቸው። ኧርዊን ሚቸል የሚባሉ ነጭ ጠበቃ፣ የቀድሞ የኮንግረስ አባል፣ ከሜክሲኮ ሞንቴሬይ ከሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምተው መምህራን አስመጡ። አዛውንት ደቡባዊ ነጭ እኮ ነበሩ! ልጆቹን አባሩልኝ አላሉም፤ አስተማሪ አምጡልኝ አሉ። እንዲህ ያለ ሰው እንዳለም መናገር ተገቢ ነው።

ከዚያ 2011 መጣ። አላባማ በአገሪቱ ከባዱ የተባለውን የፀረ ስደተኛ ሕግ አወጣች። ትምህርት ቤቶች አዲስ የሚመዘገብ ልጅ ወረቀት እንዳለው እንዲያጣሩ ታዘዙ። ወረቀት የሌለው ሰው የተዋዋለው ውል በፍርድ ቤት እንዳይጸና ተባለ። እንዲህ ያለውን ሰው ማጓጓዝና ለእሱ ቤት ማከራየት ወንጀል ነው ተባለ። ሕጉ በከፊል ሥራ ላይ በዋለ በቀናት ውስጥ ከ2 ሺህ በላይ ላቲኖ ተማሪዎች በአንድ ቀን ከትምህርት ቀሩ። ቲማቲም ማሳ ላይ በሰበሰ። ታስካሉሳ ውስጥ ፖሊስ አንድ ጀርመናዊ የመርሴዲስ ሥራ አስኪያጅ ወረቀት አላሟላህም ብሎ ያዘው።

ያኔ በደቡቡ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ልጅሽን ትምህርት ቤት ስታመጪ ወረቀት አሳዪ» የሚለው ነገር ለአላባማ ጥቁር አዛውንቶች እንግዳ አይደለም። ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ «ማን ነህ?» ማለቱም እንግዳ አይደለም። በመጋቢት 2012 የሴልማውን ጉዞ ለመዘከር ከሴልማ እስከ ሞንትጎመሪ በተደረገው ሰልፍ ላይ ይህ ሕግ አንዱ የተቃውሞ አጀንዳ ሆነ። ላቲኖዎችም አብረው ተራመዱ። ሕጉ በ2013 አብዛኛው ክፍሉ በፍርድ ቤትና በስምምነት ወደቀ።

ሚሲሲፒም ተመሳሳይ ረቂቅ ቀርቦ ነበር። የጥቁር ሕግ አውጪዎች ጥርሳቸውን ነክሰው ተከራከሩት፤ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ይህ ድንገት የመጣ አይደለም። ጂም ኢቫንስ የሚባሉ የጥቁር የምክር ቤት አባልና የሠራተኛ ማህበር ሰው፣ የስቴቱ የስደተኞች መብት ኅብረት ከተመሠረተበት ከ2000 ጀምሮ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። አንድ ሰው 10 ዓመት ስብሰባ ሲቀመጥ፣ ሲያስተዋውቅ፣ ሲያስተረጉም ከርሞ ነው በክፉ ቀን ድምፅ የሚገኘው።

እዚህ ጆርጂያም በ2010 የስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ ወረቀት የሌላቸውን ተማሪዎች ተፈላጊ ከሆኑት ዩኒቨርሲቲዎች አገደ። በሚቀጥለው ዓመት አቴንስ ከተማ ያሉ መምህራን በነጻ የሚያስተምሩበት ፍሪደም ዩኒቨርሲቲ የሚባል ቤት ከፈቱ። ስሙን የወሰዱት በ1964 ሚሲሲፒ ውስጥ ለጥቁር ልጆች ከተከፈቱት የነጻነት ትምህርት ቤቶች ነው።

ይህን ስናገር ነገሩ ሁሉ ተቃንቷል እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በነሐሴ 7 ቀን 2019 ሚሲሲፒ ውስጥ በአንድ ቀን 7 የዶሮ ፋብሪካዎች ላይ አፈሳ ተደረገ። 680 ሰው ተያዘ። ለአንዳንዶቹ ልጆች ትምህርት የተከፈተበት የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ ከትምህርት ሲመለሱ ወላጅ የለም። ከተያዙት ብዙዎቹ የጓቲማላ ማያዎች ናቸው። እኛ «ስፓኒሽ» እያልን ከምንጠራቸው ብዙዎቹ በቤታቸው ስፓኒሽ አይናገሩም፤ ማም ወይም ሌላ የማያ ቋንቋ ነው የሚናገሩት። አማራውን፣ ኦሮሞውን፣ ትግሬውን፣ ጉራጌውን ፈረንጅ አንድ ላይ «አፍሪካን» ሲለው ምን እንደሚሰማን ታውቃላችሁ። ከአፈሳው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከእነዚያ ኩባንያዎች አንዱ ሞርተን ባለው ፋብሪካ ላቲኖ ሠራተኞች ላይ ደርሷል ለተባለ ትንኮሳና አድልዎ 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። አፈሳው በተደረገ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያው ኩባንያ አዲስ ሠራተኛ ለመቅጠር ሰው ጠራ። ከተሰለፉት ውስጥ የአካባቢው ጥቁሮች ነበሩ። ሥራ ያስፈልጋቸዋል። ጎረቤታቸው ትናንት በካቴና የተወሰደበት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው። እነሱን መውቀስ አልችልም።

ወደ ቤታችን እንምጣ። ግዊኔት ካውንቲ ብዙ ሀበሻ ይኖራል። ኮብም እንዲሁ። በሁለቱም ካውንቲዎች ሸሪፎቹ፣ ማለትም እስር ቤቱን የሚመሩት የሕግ አስከባሪ ኃላፊዎች፣ ከኢሚግሬሽን ጋር ውል ነበራቸው፤ ወረቀት የሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ሳይዝ ከተያዘ ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ መባረር ይሄድ ነበር። በ2020 ምርጫ ሁለቱም ካውንቲዎች ጥቁር ሸሪፍ መረጡ፤ ኪቦ ቴይለርና ክሬግ ኦውንስ። በጥር 2021 ሁለቱም ውሉን አቋረጡ። ጥቁር መራጭ፣ ላቲኖ መራጭ፣ እስያዊ መራጭ፣ ሀበሻ መራጭ አብሮ ያመጣው ነው። ከዚያ በየካቲት 2024 አቴንስ ውስጥ አንዲት ተማሪ ተገደለች፤ የተያዘው ሰው ከቬንዙዌላ የመጣ ነበር። በግንቦት ወር ስቴቱ ሸሪፎች ከኢሚግሬሽን ጋር እንዲተባበሩ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ዜግነት ያላችሁ ለፕሬዝዳንት ምርጫ ትወጣላችሁ። ለሸሪፍስ? ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማችሁ አማርኛችሁን አይሰማም፤ ቆዳችሁን ነው የሚያየው። ልጆቻችሁንም እንደዚያው።

መጨረሻ ላይ ታር ሂል የምትባል መንደር ልውሰዳችሁ። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ናት። ስሚዝፊልድ የተባለው ኩባንያ በ1992 እዚያ የአሳማ ቄራ ከፈተ። በዓለም ትልቁ ይባል ነበር። በቀን እስከ 32 ሺህ አሳማ ይታረድበት ነበር። ወደ 5 ሺህ ሠራተኛ ነበረው። በ2000 ውስጡ ገብቶ የሠራ ጋዜጠኛ ያየውን ጽፏል። ጥቂቶቹ ነጮች መካኒክ ወይም አለቃ ናቸው። ላምቢ የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ንጹሕ ንጹሑን ሥራ ይይዛሉ። ደሙና እርዱ የጥቁሮቹና የሜክሲኮዎቹ ነው። ምሳ ሲበሉ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ጥቁሩ «በእነሱ ምክንያት ደሞዝ አይጨመርም» ይላል። ሜክሲኮው «ሰነፎች ናቸው» ይላል።

ማህበር ለማቋቋም በ1994 እና በ1997 ድምፅ ተሰጠ። ሁለቴም ወደቀ። ኋላ ላይ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርዱ ኩባንያው ሠራተኞችን በሕገወጥ መንገድ አስፈራርቷል፣ አባሯል ብሎ ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2006 ይህንን አጸና። እስከዚያ ድረስ ግን ዓመታት ነጎዱ።

በኅዳር 2006 ኩባንያው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው አይገጥምም ያላቸውን ላቲኖዎች ማባረር ጀመረ። ወደ 1 ሺህ ሠራተኛ መስመሩን ጥሎ ወጣ። አብዛኞቹ ላቲኖዎች ናቸው፤ ግን ጥቁሮችም አብረው ወጡ። ማህበር የለም፣ ውል የለም፣ ብዙዎቹ ወረቀት እንኳ የላቸውም። ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ኩባንያው በሁለት ቀን ውስጥ ተደራደረ፤ የተባረሩት ተመልሰው ጊዜ እንዲሰጣቸው ተስማማ።

በጥር 2007 ደግሞ ጥቁሮቹ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ክፍያ ያለው በዓል ይሁንልን ብለው ጠየቁ። ላቲኖዎችም ፊርማቸውን አኖሩ። አልተፈቀደም። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ያን ቀን ከሥራ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የኢሚግሬሽን ሰዎች ፋብሪካው መጥተው 21 ሠራተኞችን ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ላቲኖዎቹ በፍርሃት በብዛት ለቀቁ። በመስመሩ ላይ የጥቁሮቹ ቁጥር እንደገና በለጠ።

በታኅሣሥ 2008 ለሦስተኛ ጊዜ ድምፅ ተሰጠ። ማህበሩን የደገፉ 2041፣ የተቃወሙ 1879። በ162 ድምፅ አለፈ። ከ16 ዓመት በኋላ።

ድምፁ ሲቆጠር፣ ከሁለት ዓመት በፊት መጀመሪያ መስመሩን ጥለው የወጡት ላቲኖዎች ብዙዎቹ እዚያ አልነበሩም። አንዳንዱ ተይዞ ወደ አገሩ ተመልሷል። አንዳንዱ ሌላ ስቴት፣ ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ መጋዘን ገብቷል። ከእነሱ አንዱ ዛሬ ሌሊት ከአንዳችሁ ጎን ቆሞ ካርቶን ይጭን ይሆናል።

ጥያቄ ካላችሁ ልቀበል። እዚያ ከኋላ ያሉት እናት እጃቸውን አንስተዋል፤ ማይኩን ስጧቸው።